መስገጃው ላይ የወደቀው ውሃ

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ ትራሳቸው ከፍ ተደርጎ፣ አፍንጫቸው በጥጥ ተወትፎ። እናቴ፣ በግርጌ በኩል ቆማ። ታላቅ እህቴ፣ መራዊ የምታስተምረው፣ በመጀመሪያው መኪና ደርሳ የያዘችውን የሾርባ ፔርሙዝ የምታስቀምጥበት ቦታ እየፈለገች። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ወረታ ላይ ሩዝ የሚነግደው፣ በሩን ተደግፎ። በወዲያኛው አልጋ ጭኑ ተሰብሮ እግሩ በክብደት የተወጠረለት አንድ የቁንዝላ ገበሬ። እኔ ደግሞ በግድግዳውና በኦክስጅኑ ሲሊንደር መካከል፣ ማንንም በማልነካበት ቦታ። ነርሷ ገብታ የወጣችው ከዚያ በፊት ስለሆነ አልቆጥራትም።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ማግስት ነው። ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ እናቴ ብርድ ልብሱን ልታስተካክል ገለጥ አደረገችው። የአባቴ ቀኝ ጭን ከጉልበታቸው በላይ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ፋሻው ላይ፣ በውጭ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል የደረቀ ደም ትታያለች።

አባቴ ሆስፒታል የገቡት ለአፍንጫቸው ነው። ከአፍንጫቸው ውሃ ይወርድ ነበር። ዶክተሩ በአፍንጫና በአንጎል መካከል ያለው ስስ አጥንት ተሰንጥቋል፣ የሚወርደውም አንጎልን ከቦ የሚኖረው ውሃ ነው ብሎ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ ስንጥቁን ሊደፍን ነው ያስተኛቸው። ስለ ጭን ያነሣብን ሰው አልነበረም።

አጎቴ ከበሩ መጣ። ፋሻውን አየ፣ የአባቴን አፍንጫ አየ፣ ከዚያ ዞሮ የገበሬውን የተወጠረ ጭን አየ።

«ወንድሜ፣» አለው ገበሬውን፣ «አፍንጫህን ነክተውሃል?»

«የምን አፍንጫ?»

«የራስህን። ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ አፍንጫህን የነካካ ሐኪም አለ?»

«የለም። ምነው?»

«ተለዋውጠዋል፣» አለ አጎቴ ወደ እኛ ዞሮ፣ የሩዝ ዋጋ እንደሚናገር ሰው በዝግታ። «የሱ ጭን የሚሠራበትን መዝገብ እዚህ አምጥተው ጋሼን ቀደዱት። ነገ ደግሞ ይኸን ምስኪን ከአፍንጫው ይገቡለታል።»

ገበሬው እጁን አንሥቶ አፍንጫውን ሸፈነ።

እህቴ ልትስቅ ነበር፤ የእናቴን ፊት አይታ ተወችው። እናቴ ብርድ ልብሱን አልመለሰችውም፣ እንደያዘችው ቀረች። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አለመተኛታቸውን አውቃለሁ፤ ሲተኙ አፋቸው ይከፈታል፣ አሁን ግን ጥጡ አፍንጫቸውን ዘግቶትም ከንፈራቸውን በትንሹ ብቻ ነበር የከፈቱት።

እኔም ጠረጠርሁ፣ ግን እንደ አጎቴ አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዶክተሩን ያልጠየቅሁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሚገቡበትን ቀዳዳ፣ የሚፈጀውን ሰዓት፣ የመብራት ኃይል ቢቋረጥ የሚደረገውን ሳይቀር ጠይቄ በደብተሬ ጽፌያለሁ። ደብተሬ ውስጥ ጭን የሚል ቃል የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ አንዳንዴ ጥቅልል ጨርቅ ይዘው በጀልባ ቁንዝላ ይሻገራሉ። ከዚያ አንዴ ሲመለሱ ጀልባው ከወደቡ ሲነሣ ተንገጫገጨና ጣራውን በያዘው ብረት ግንባራቸውን ተመቱ። ከቅንድባቸው በላይ አበጠ፣ በሳምንቱ ጠፋ፣ ተረሳ።

ከወራት በኋላ ሲሰግዱ ከአፍንጫቸው ውሃ መውረድ ጀመረ። ለሱጁድ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ ጠብ ይላል፤ ቀና ሲሉ ይቆማል። በቤታችን ይህን እንደ ነገር የቆጠረው አልነበረም። አባቴ ከሰላት በፊት ለዉዱእ ሲታጠቡ ጥንቁቅ ናቸው፤ ውሃውን በአፍንጫቸው ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ስበው ያስወጣሉ። ስለዚህ መስገጃው ላይ የሚወድቀው ከዉዱእ የቀረ ውሃ ነው አልን። አባቴም እንደዚያው አሉ። እንዲያውም በደንብ መታጠባቸውን የሚያሳይ ነገር ስለመሰላቸው ብዙም የከፋቸው አይመስለኝም።

«ጣናን በአፍንጫህ ቀድተህ ነው እንዴ የምትሰግደው?» ትላቸው ነበር እናቴ መስገጃውን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ።

«ባይሆን እንደ አንቺ አይብ የነካ እጄን ሳልታጠብ አልሰግድም።»

ስምንት ወር ያህል እንደዚህ ሄደ። በመካከሉ ራሳቸውን ሲያማቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ሦስት ጊዜ የጉንፋን ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑን ሲውጡ የራስ ምታቱ ቀለል ይላል፤ ውሃው ግን እንዳለ ነው።

እኔ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም፤ የተጣሉ ፓምፖችን እየፈታሁ፣ የፋብሪካ መመሪያ እያነበብሁ ነው የለመድሁት። በዚህ ሥራ ከቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ ፈስሶ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። የማያልቅ ከሆነ ከአንድ ቦታ እየመጣ ነው።

ቢሆንም የአባቴን ነገር ያየሁት በአጋጣሚ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። አባቴ በቀረችው ውሃ ለእኩለ ቀኑ ሰላት፣ ለዙህር፣ ዉዱእ አደረጉ፣ ዉዱኡ እንዳይፈርስባቸውም ተጠንቅቀው እስከ ከሰዓት በኋላው ሰላት፣ እስከ አስር፣ አቆዩት። ያን ቀን ሥራ ስላልነበረኝ ሱቃቸው ውስጥ አብሬያቸው ነው የዋልሁት። ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊታቸውን ውሃ አልነካውም። አስር ደርሶ ከሱቁ ጀርባ ስንሰግድ ከቀኛቸው ትንሽ ወደ ኋላ ነበርሁ። በመጀመሪያው የስግደት ዙር፣ በመጀመሪያው ረከዓ፣ ከሱጁድ ቀና ስል በሰማያዊው መስገጃ ላይ ሦስት ነጥብ ጠቁሯል። በቀሩት ሦስት ረከዓዎች ሁለት ተጨመረ። አምስቱም ከግራ ቀዳዳ ትይዩ ናቸው።

ሰላቱ እንዳለቀ፦ «አባባ፣ ይኸ ውሃ ከየት መጣ?» አልኋቸው።

«ከዉዱእ ነዋ።»

«የዙህሩ ዉዱእ ነው?»

ነጥቦቹን አንዴ አዩ። ከዚያ መስገጃውን ጠቅልለው፦ «አንተ ልጅ፣ ሰላትህን ስገድ እንጂ የሰው አፍንጫ አትቁጠር፣» አሉ።

በማግስቱ መሐረብ ሰጠኋቸውና የሚወርደውን እንዲቀበሉበት ለመንኋቸው። እኔ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር የራሴንም መሐረብ ከጎኑ መስኮት ላይ ሰቀልሁ። ሲደርቁ የእኔው እንደ ካርቶን ቀጥ አለ። የአባቴ እንደ ታጠበ ጨርቅ ለስልሶ ቀረ። የጉንፋን ውሃ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ነው ጉሮሮዬን ጨው ጨው ይለኛል ያሉኝ፣ ለዚያውም ስጠይቃቸው። ከመጀመሪያውም ባለመጠየቄ ተናደድሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ የአንገት በላይ ሐኪም። አባቴን በትንሽ ብልቃጥ ላይ አጎንብሶ አስቀመጣቸው፤ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ የብልቃጧን ሥር የሸፈነ ውሃ ተጠራቀመ። ስኳር እንዳለው ፈተሸ፣ አለው። የአፍንጫ ፈሳሽ ይህን ያህል ስኳር የለውም አለን። ቀጥሎ ራጅ በኮምፒውተር ተነሡና ምስሉን አሳየን። ከዓይኖቻቸው መሐል ቀጭን ነጭ መስመር አለች፤ በአንድ ቦታ ትቋረጣለች፣ ክፍተቷ ከእንጀራ ዓይን አትበልጥም። እኔ በጣቱ እስኪያሳየኝ አላየኋትም። ካሳየኝ በኋላ ደግሞ ያየኋት ስላለች ይሁን ስላሳየኝ እርግጠኛ አልሆንሁም።

«ካልተደፈነስ?» አለች እናቴ።

«ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ጀርምም ያስገባል። ማጅራት ገትር ያመጣል። አባባ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ በአፍንጫቸው ይስባሉ።» ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። «አንድ ቀን ትኩሳት ይዟቸው ሲተኙ በማግስቱ ላይነሡ ይችላሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚታሰበው ይኸው ብቻ ሆነ። አባቴ ግን ዕሺ ለማለት አንድ ወር ፈጀባቸው።

በምን ይደፈናል ብዬ ጠይቄው ነበር። «ከራሳቸው ሰውነት በሚወሰድ ስስ ሽፋን፣» አለኝ። ጻፍሁት። ከየት ተወስዶ ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያው ከአፍንጫቸው መስሎኛል።

እንግዲህ ያን ረፋድ፣ አጎቴ መዝገብ ተለዋውጧል እያለ በኮሪደሩ ያገኘውን ነጭ ለባሽ ሁሉ ሲያስቆም፣ እኔ ዶክተሩን ፍለጋ ወጣሁ። ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ አገኘሁት፤ ቆቡን እንኳ አላወለቀም።

«የአባቴ ጭን ለምን ተቀደደ?»

አልደነገጠም። ያ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ወደ ቢሮው ወስዶ መዝገቡን ከፈተልኝ። የፈቃድ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ እኔ ምስክር ሆኜ የፈረምሁት የመጀመሪያውን ነበር። በሁለተኛው ላይ ከቀኝ ጭን ሽፋንና ጥቂት ስብ እንደሚወሰድ ተጽፏል፤ ከሥሩ የአባቴ ፊርማ አለ፣ ሱቁ ውስጥ ደረሰኝ ላይ የሚያደርጉት ያ ጅራቱ ወደ ላይ የሚታጠፈው ፊርማ።

«ይኸ ገጽ የት ነበር?»

«አባትህ ናቸው ለብቻዬ አንብብልኝ ያሉኝ። ለቤተሰብ እንዳልናገርም ለመኑኝ። በሽተኛዬ እሳቸው ናቸው፣ እሺ አልኋቸው።»

«ለምን?»

«ወንድሜ ከሰማ ከነአልጋዬ ተሸክሞ ያወጣኛል አሉ።»

ይህ የአጎቴ ጠባይ ስለሆነ ልክድ አልቻልሁም። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። የጭን ሥጋን የሚጠቀልል ነጭ፣ ጠንካራ ሽፋን አለ። ከእሱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይቆረጣል። መጀመሪያ ስቡ ቀዳዳውን ይሞላል፣ ሽፋኑ ከሥር ይነጠፍበታል፣ በመጨረሻም ከአፍንጫው ውስጥ የተገፈፈ ሕያው ሥጋ ተዘርግቶ ያለብሰዋል።

«በምን ይሰፋል?»

«አይሰፋም። እዚያ መርፌ ማዞሪያ ቦታ የለም። ይነጠፋል፣ በጥጥ ከታች ይደገፋል፣ ሰውነት ራሱ ያጣብቀዋል።»

«ሳይጣበቅ ቢቀርስ?»

«እንደገና እንገባለን። ስለዚህ ነው ለስድስት ሳምንት እንዳያጎነብሱ የምንለው። ሲያጎነብሱ የአንጎሉ ውሃ ከላይ ይገፋዋል።»

እኔ ብሎን የማያጠብቀውን ጎሚኒ፣ የፓምፕ ማሸጊያ ጎማ፣ አምኜ ፓምፕ አስነሥቼ አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ፤ አላመንሁትም ግን።

ክፍሉ ስመለስ የሰማሁትን ነገርኋቸው። አጎቴ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «እውነት ነው፣» አሉ በታፈነ ድምፅ።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ስለማውቅህ።»

አጎቴ ፋሻውን እንደገና አየ። «እሺ፣ ይሁን። ግን ሱቅህ ጣራው ድረስ በጨርቅ ተሞልቶ፣ አንተ የምትጠገንበት ብጣሽ ከገዛ ጭንህ?»

አባቴ ሊስቁ ሲሉ እህቴ ሮጣ እጇን ደረታቸው ላይ አደረገች፤ መሳቅም ተከልክሎ ነበር። የቁንዝላው ገበሬ ከወዲያ ሆኖ፦ «እንግዲህ የእኔን አፍንጫ ተዉት፣» አለ።

ሁሉም ቀለል አላቸው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። አባቴ አንድ ገጽ ሙሉ ከእኔ ሊደብቁ እንደሚችሉ አየሁ። ሌላስ ምን ይደብቁኛል?

ጥጡ በአምስተኛው ቀን ወጣ፣ በሰባተኛው ወደ ቤት ተመለስን። ዶክተሩ የከለከለውን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። አያጎነብሱ። አይናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ከባድ አያንሡ። ውሃ በአፍንጫ አይሳቡ። እናቴ የጎረቤታችንን ሚስት፣ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከደቡብ የመጣችውን፣ በርበሬዋን በኛ በኩል እንዳታሰጣ ለመነቻት። ሴትዮዋ በርበሬዋን ወደ ውስጥ ያስገባችው ሳታቅማማ ነው፤ ሲወቀጥም ቤቱን ዘግታ ነበር።

የሰፈራችን ሸህ ሊጠይቁ መጡና ስለ ሰላት ተናገሩ። «የሚጎዳህን ውሃ ተወው። ሱጁዱንም ወንበር ላይ ሆነህ በምልክት አድርገው። አላህ የሚጠይቅህ የምትችለውን ነው።»

«ወንበር ላይ? እንደ ጡረተኛ?» አሉ አባቴ።

«ጡረተኛም ጀነት ይገባል።»

አባቴ በወንበሩ ላይ መስገድ ጀመሩ። ግን ማንም እንዲያያቸው ስለማይፈልጉ በሩን ይዘጋሉ። በሩ ሲዘጋ እኔ ውጭ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ወንበሩ እግሩ የላላ ስለሆነ ሲቀመጡበት ይንቋቋል፣ ሲነሡም ይንቋቋል። ከሁለቱ ድምፅ ሌላ መሰማት የለበትም።

ስድስት ነጭ መሐረብ ገዛሁ። ጠዋትና ማታ ንጹሕ እየሰጠሁ ያገለገለውን እቀበላለሁ፣ ሰቅዬ አደርቃለሁ፣ በጣቴ አጥፌ አያለሁ። መጀመሪያ ደም ቀላቅሎ ነበር፣ ኋላ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ንፍጥ ብቻ። ሲደርቅ ይጠነክራል። ጥሩ ነው። ሰዓቱንና ቀለሙን ጻፍሁ። እናቴ አንድ ቀን ደብተሬን አየችውና፦ «ይኸ ልጅ አባቱን እንደ ሌባ ነው የሚጠብቀው፣» አለች። እኔ የማልሰማት አስመስላ ነው ለእህቴ በስልክ የነገረቻት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሮብ ዕለት፣ ጠዋት የሌሊቱን መሐረብ ልቀበል ስሄድ ከጓሮ ገመድ ላይ ታጥቦ ተሰጥቶ አገኘሁት። እናቴ ገበያ ነበረች። አባቴ በሕይወታቸው አንድ ጨርቅ አጥበው አያውቁም። መሐረቡን አውርጄ አሸተትሁት፤ የገላ ሳሙና ይሸታል። የልብስ ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው ያጠበው።

ወዲያው አልተናገርሁም። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር በዝግታ እንራመድ ነበር፣ ዶክተሩ ፈቅዶላቸዋል። ደንገል የጫነ ታንኳ ወደ ዳር እየቀዘፈ ሲመጣ ለማየት ቆሙ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ታንኳውን እያየሁ ጠየቅሁ።

«መሐረቡን ምን ነክቶት ታጠበ?»

ዓይናቸውን ከታንኳው አላነሡም። «ጎሕ ሳይቀድ ለሱብሂ ነቃሁ፣» አሉ። «እንቅልፍ አልለቀቀኝም ነበር። ቆምሁ፣ ቁርኣኑን ቀራሁ፣ ወረድሁ። ወንበሩን ረሳሁት። ወላሂ ረስቼ ነው። ግንባሬ መሬት ሲነካ ነው ያስታወስሁት። ዐርባ ዓመት የለመደ አካል መች ያስታውሳል።»

«ወረደ?»

«አንድ ነገር ወረደ።»

«ስንት ጠብታ?»

«ሰው ሲደነግጥ ይቆጥራል?»

«ከየትኛው ቀዳዳ?»

«ከግራው መሰለኝ።»

«ቀለሙስ? ውሃ ነው ወይስ ወፈር ያለ?»

«ገና አልነጋም።» ታንኳው ዳር ደረሰ፤ ቀዛፊው ወርዶ ደንገሉን መጎተት ጀመረ። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ፦ «መሐረቡን ያጠብሁት እናትህን ፈርቼ አይደለም። ወንድሜንም አይደለም። አንተን ነው፣» አሉኝ።

መሐረቡ ባይታጠብ ደርቆ ይለይልን ነበር። እንዲታጠብ ያደረገው ደግሞ የእኔ መጠበቅ ነው።

በማግስቱ ዶክተሩ ጋ ሄድን። ቀጭኗን ካሜራ በአፍንጫቸው አስገብቶ በስክሪኑ አሳየኝ፤ ሐምራዊ ሥጋ፣ ዳሩ ገና ያልጠራ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቅርፊት። አባቴን ሁለት ደቂቃ ብቻ አጎነበሳቸው። ምንም አልወረደም።

«የያዘ ይመስላል፣» አለ። «የወረደው ምናልባት ለማለስለሻ የሰጠኋቸው የጨው ውሃ ይሆናል።»

«የጨው ውሃውን የሚረጩት ሲመሽ ነው። እስከ ሱብሂ ይቆያል?»

ካሜራውን እያጸዳ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ።»

«ገባኝ፣» አለ። ከዚያ ለአባቴ፦ «ዛሬ ደረቅ ነው። ትኩሳት ወይም የአንገት መድረቅ ካለ በዚያችው ሰዓት ይምጡ። ከዚያ ውጭ ሦስት ሳምንት ይታገሡ፣» አላቸው። እኔ ወደ ቤት ይዤ የሄድሁት «ይመስላል» ያላትን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ መሐረብ መሰብሰቡን ተውሁ። ተውሁ ማለቴ ከእጃቸው መቀበሉን ነው። በየማለዳው «እንዴት አደሩ?» ስል ግን እጃቸውን ይዤ ሙቀታቸውን እለካ ነበር፤ አባቴም ያውቃሉ፣ እጃቸውን አስቀድመው ይዘረጉልኛል።

ስድስቱ ሳምንት አልቆ ዶክተሩ ፈቀደ። አባቴ የመጀመሪያውን ሱጁድ መስጂድ ውስጥ፣ ለጁምዓ፣ ከሰው ጋር ሊያደርጉ ወሰኑ። ቤት ውስጥ ቀድመው ይሞክሩት ብዬ ለመንሁ፤ «ጠብታ ልትቆጥርብኝ?» አሉኝ። አጎቴ ከወረታ መጥቶ ከቀኛቸው ቆመ። ከግራቸው በገበያው ውስጥ ጫማ የሚሸጡት ሰውዬ ነበሩ። እኔ ከኋላቸው፣ በቀጥታ ትይዩ።

ያን ቀን ሰላት ሰግጃለሁ አልልም። ያን ያህል ጊዜ አስቤበት ሳለ አንዷን ቀላል ነገር አላሰብሁም ነበር፦ እሳቸው ሱጁድ ሲወርዱ ሁላችንም እንወርዳለን። የሁሉም ግንባር መሬት ላይ በሆነበት ጊዜ የማንንም አፍንጫ የሚያይ የለም። በመጀመሪያው ሱጁድ ቀድሜ ቀና አልሁ፣ አያስመሰግንም። ያየሁት የአባቴን ጀርባና የእግራቸውን ተረከዝ ብቻ ነው። የመስጂዱ ምንጣፍ ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው፤ እርጥበት አያሳይም።

አራቱ ሱጁድ አለቀ። ሰው ሲነሣ እኔ ወደፊት ሄጄ የአባቴ ፊት ያረፈበትን ቦታ በመዳፌ ነካሁት። ትንሽ ረጠብ ያለ መሰለኝ። ላብ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ብዙ ነበር፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ነበር። ከዉዱእ ፊታቸው ላይ የቀረ ሊሆንም ይችላል። አባቴ ከበሩ አጠገብ ጫማቸውን እየፈለጉ አዩኝ፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አነሡ፣ ሆን ብለው፣ በዝግታ፣ እያየኋቸው። ከአፍንጫቸው ምንም አልወረደም። እንዳጎነበሱ ትንሽ ቆዩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ትኩሳት አልያዛቸውም። ወደ ቁንዝላ መሻገር ጀምረዋል፤ መስገጃቸውን እናቴ አሁን የምታሰጣው ለአቧራው ነው። ዶክተሩ ዘንድሮ አይቶ ተደፍኗል አለ፤ «ይመስላል» አላለም። አባቴ ይበቃል ይላሉ። እኔም ይበቃል ለማለት የሚቀረኝ የዚያች ዓርብ ነገር ነው።

አጎቴን ጠይቄዋለሁ፤ ምንም አልወረደም ይላል፣ ግን ሲሰግድ ዓይኑን እንደሚጨፍን አውቃለሁ። ከግራቸው የነበሩት ጫማ ሻጭ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል። ከፊታቸው ባለው ሰልፍ ማን እንደነበረ አላስተዋልሁም፤ ቀና ሲል ዞር ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። ያን ቀን በዚያ ሰልፍ የነበራችሁ፣ አባቴ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ፊታቸውን ያያችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ ነጠብጣብ ነበር ወይስ ላብ፣ ከግራ ነው ወይስ ከግንባር፣ በስንተኛው ረከዓ። ያላያችሁም ከሆነ አላየሁም በሉኝ፤ ልብ ብላችሁ ሳታዩ ግን ምንም አልወረደም አትበሉኝ።